ሳር የላከው ሰው

«እሷን ለእኔ ተዉልኝ። ክሱን ታነሳለች፤ እኔ እያለሁማ እምቢ አትልም።»

ሮማነወርቅ ይህን የሰማችው ማለዳ ፊቷን ልትታጠብ ጆግ ይዛ በጓዳው በር ብቅ ስትል ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን ያን ቀን ለባለቤቱ አደላ። ተናጋሪው ታናሽ ወንድሟ ደግፌ ነው። መምህር ነው፣ በቤተ ክርስቲያን የመዘምራን አስተባባሪ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለመጣ ለሄደው ሁሉ እሺ ማለት የለመደ ሰው ነው። ማንጎው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሁለቱ የዚሁ የሲቀላ ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ታውቃቸዋለች። ሦስተኛውን ስታይ ግን ጆጉ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። የደጋው የገረሴ ሰው አቶ ማዳልቾ ናቸው፤ የድንበርም ይሁን የደም ጠብ፣ እሳቸው ገብተውበት ሳይበርድ የቀረ ነገር የለም የሚባልላቸው። ጭናቸው ላይ ፌስታል አስቀምጠዋል። በፌስታሉ አፍ እርጥብ ሳር ብቅ ብሏል። ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ እንዳይጠወልግ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ነው የመጡት።

ቀኑ የቀጠሮ ቀን ነው። ረፋዱ ላይ ሴቻ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ከሳሽ እሷ፣ ተከሳሽ ባሏ ኤርጫፎ፣ ጉዳዩ ቀለብ። ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለውን የሙዝ ማሳ ሁለቱ ናቸው ያቀኑት። እሱ ከነጋዴ ጋር ዋጋ ሲነጋገር እሷ ዘለላውን እየተሸከመች መኪና ላይ ስትጭን ነው ዕድሜዋ ያለቀው። በመጨረሻ ወገቧ እምቢ አለ። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳታነሳ ከለከላት፤ ኤርጫፎ ደግሞ «ወንድምሽ ጋ ሄደሽ ትንሽ አረፍ በይ» አላት። አርፋ ስትመለስ የግቢው በር ቁልፍ ተቀይሯል። ደጋግማ አንኳኳች፤ ከውስጥ የሬዲዮ ድምፅ እየተሰማ በሩን የሚከፍት ሰው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ዓመት አልፎታል። ስትከሰው በጠበቃው በኩል የሰጠው መልስ ደግሞ «ሚስቴ በገዛ ፈቃዷ ቤቷን ጥላ ስለሄደች ቀለብ የመስጠት ግዴታ የለብኝም» የሚል ነው። ይህ ችሎት ላይ የተነበበ ቀን ሮማነወርቅ ወጥታ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ግን ስለዚህ ጉዳይ አላለቀሰችም።

ቁልፉ ሲቀየር በዓይኗ ያየች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ልክነሽ። እሷም እዚያው ግቢ ሰርቪስ ቤት የተከራየች የልጆች እናት ናት። ትናንት ደውላ «ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ እትዬ፣ ይቅር በይኝ» አለችና ስልኩን ዘጋች። ሮማነወርቅ አልተቀየመቻትም፤ ከቤት መውጣት ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ዳኛዋ ባለፈው ቀጠሮ ምስክር ካልቀረበ ባለው ነገር እወስናለሁ ብላለች፤ ያለው ነገር ደግሞ ባዶ እጅ ነው። በፈቃዷ የወጣች ናት ከተባለች ቀለቡ ቀረ፣ ቀሪ ዕድሜዋን በወንድሟ ሳሎን ፍራሽ ላይ ትገፋለች። በዚያ ላይ ስሟ አለ። ሃያ ሦስት ዓመት ያቆመችውን ቤት ጥላ የኮበለለች ሴት ተብላ በመዝገብ መጻፏ ከምግቡም በላይ አንጀቷን ያሳርረዋል። ልጇ አሮን ሐዋሳ ሥራ ፍለጋ ላይ ነው፤ ስትደውልለት «ሁለታችሁም ወላጆቼ ናችሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ እውነቱ ግን አይጠቅማትም።

ሽማግሌዎቹ እንዳዩአት ከአግዳሚው ወርደው ተንበረከኩ። አቶ ማዳልቾ ሳሩን ከጨርቁ ፈትተው ለሁለቱ አካፈሉና በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እሷ ዘረጉ። አባቷን የሚያህሉ ሰው ጉልበታቸው አፈር ነክቶ ማየት በራሱ ቅጣት ነው። ሳሩ ሲጨመርበት ደግሞ መውጫ የለውም። ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን ረግጦ ያለፈ ሰው፣ እሷ ባደገችበት አገር፣ እሳት የሚያውሰው ጎረቤት ያጣል፤ ሲሞትም ቀባሪው ይሳሳል። ይህን ኤርጫፎ አሳምሮ ያውቃል። አውቆም ነው የቀጠሮውን ማለዳ የመረጠው። ሽማግሌዎቹ በተራ በተራ ለመኑ፤ የባልና የሚስት ነገር በችሎት አይበርድም፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም፣ ክሱን አንሺና በአገር ወግ ይታይ አሏት። ደግፌ ከማንጎው ግንድ ጋር ተጣብቆ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

እምቢ ማለት አትችልም። እሺ ካለች ደግሞ ዓመት ሙሉ የተንከራተተችበትን ውሃ በላው። ጆጉን አስቀመጠችና እሷም ወገቧን ይዛ ቀስ ብላ ፊት ለፊታቸው ተንበረከከች።

«አባቴ፣ ከመቀበሌ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች በጋሞኛ።

«ጠይቂ፣ ልጄ።»

«ሳር የሚልከው ማን ነው?»

አቶ ማዳልቾ ግራ ገባቸው። ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው። «የበደለ ነዋ» አሉ። «የተበደለ ሰው ሳር አይልክም።»

«የአሮን አባት ሲልካችሁ ምን አላችሁ?»

«አጥፍቻለሁ፣ ለምኑልኝ አለን። ሌላ ምን ሊል ኖሯል?»

ያን ጊዜ ነው ኤርጫፎ ችሎት ፊት ያስነበበውን መልስ ቃል በቃል የነገረቻቸው። በቃሏ ይዛዋለች፤ ሌሊት ሌሊት ከጸሎት ቀጥሎ የምትለው እሱን ነው። ከሲቀላዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገና ወደ ጎረቤት አጥር ዞረ፤ ነገሩን ሰምቶት ኖሯል ማለት ነው። አቶ ማዳልቾ ግን አልሰሙም ነበር። የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡና ሳሩን ጭናቸው ላይ አደረጉት። ኤርጫፎ በሁለት ቢላ ሲበላ ከርሟል፤ ለዳኛ «አልበደልኩም»፣ ለሽማግሌ «በድያለሁ»። አንዱ ከተማ ነው፣ ሌላው ገረሴ ነው፤ መቼም አይገናኙም ብሎ ይሆናል። ሰው ሲቸገር ሞኝ ይሆናል፣ ሲያጭበረብር ደግሞ ይብሳል።

«ሳሩን ተቀብያለሁ» አለች ሮማነወርቅ። «ቂም አልይዝበትም። ክሱን ግን የከፈትኩት ዳኛ ፊት ነው፤ የሚዘጋውም እዚያው ነው። እሱም ያለው እዚያ ነው። ሳሩን ይዛችሁ አብራችሁኝ ሂዱ። እናንተ ፊት ያለውን እዚያም ይበለው። ክሱን አነሳለሁ አላልኳችሁም፣ ኋላ ዋሸችን እንዳትሉኝ።»

ደግፌ ከግንዱ ተላቀቀና ሽማግሌ ችሎት አይጎተትም፣ ነውር ነው ማለት ጀመረ። አቶ ማዳልቾ አላስጨረሱትም። ክንዳቸውን ለእሱ ሰጥተው እየተነሱ፣ «የላከን እሱ አይደለም? መልስ ይዞ ወደ ላከው ሰው መሄድ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?» አሉት። ሳሩንም እንደገና ውሃ ውስጥ ነክረው ጠቀለሉት።

ከመሄዳቸው በፊት ቁርስ ተበላ። የደግፌ ሚስት ሰብለ በሽፈራው ቅጠል የቀቀለችውን የበቆሎ ድቡልቡል፣ ኩርኩፋውን፣ ለእንግዶቹ ውጭ አቅርባ፣ ለቤተሰቡ ሳሎን ውስጥ አዘጋጀች። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ የሮማነወርቅ ፍራሽ በቀን ተጠቅልሎ ከሶፋው ጀርባ ይቆማል፣ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት ፍራሹን ተደግፈው ነው። ሰብለ ክፉ ሴት አይደለችም። መጀመሪያ ሰሞን «እትዬ፣ እትዬ» ስትል አፏ አይጠግብም ነበር። ሰው ሲከርም ግን እንጀራውም ዘይቱም ይታያል፤ የጤፍ ዋጋ በጨመረ ቁጥር «እትዬ» እያነሰች ሄደች። ደግፌ ቶሎ ቶሎ ጎረሰና ክፍል አለኝ ብሎ ቦርሳውን አነሳ። ሮማነወርቅ በር ላይ ደረሰችበት። ስለ እኔ ቃል ስትሰጥ ሰማሁህ አለችው። የሸሚዙን ቁልፍ ነካካና ሄደ። ሰብለ ሳህኖቹን እየደራረበች ቆየችና፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣

«ካሸነፍሽ ትወጫለሽ?» አለች።

ሮማነወርቅ ሳቋ መጣ። ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ከተነገራት ሁሉ ቀጥተኛው ይህ ነው። «ካሸነፍኩ እወጣለሁ» አለቻት።

«እንግዲያው እግዚአብሔር ይርዳሽ» አለች ሰብለ፤ ከልቧ ነበር።

ከሲቀላ ሴቻ ዳገቱን በባጃጅ ወጡ። ባለባጃጁ ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም ብሎ ነበር። ሳሩን ሲያይ ዋጋውን ቀነሰ፤ ሠርግ ነው ወይስ እርቅ ብሎም ጠየቀ። ከሲቀላዎቹ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ያ አጥር አጥር ሲያይ የነበረው፣ ሆዴን አመመኝ ብሎ መናኸሪያው ጋ ወርዷል። ሁለቱ ቀሩ። ሮማነወርቅ በጎን በኩል የሚገባው ነፋስ ነጠላዋን እንዳይወስደው በጥርሷ ይዛ፣ የምትለውን በልቧ ታሰናዳ ነበር። ፈርታለች። አቶ ማዳልቾ ችሎት ደርሰው ሐሳባቸውን ቢቀይሩስ? ዳኛዋ ብትቆጣስ? ኤርጫፎ ሁሉንም ክዶ ቢያርፈውስ? ፍርሃቱ ግን ወደ ኋላ አልጎተታትም። ከዚህ በላይ ምን ይመጣል፣ ፍራሽ ላይ ከመተኛት በታች ያለው መሬት ነው አለች።

የችሎቱ በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳሩን ውጭ ጥላችሁ ግቡ አለ። አቶ ማዳልቾ በአማርኛ ሊያስረዱት ሞከሩ፤ አማርኛቸው ሴትና ወንዱን ያቀላቅላል። «ይህች ሳር አይጣልም፣ ልጄ። እሷ ትልቅ ሰው ነው» አሉት። ፖሊሱ የአገሩ ልጅ ነበርና አልሳቀም። ግራና ቀኝ አየ፤ ከዚያ ኮፍያውን አስተካክሎ መንገድ ለቀቀላቸው። ከኋላ አግዳሚ ላይ ሄደው ተቀመጡ።

ኤርጫፎ ጠበቃው አጠገብ ነው። ሱፍ ኮቱን ለብሷል፤ ለአሮን ምርቃት የገዛችለትን። ዞሮ ሮማነወርቅን ሲያይ ፊቱ ላይ የመረጋጋት ነገር ነበር፤ ክሱን ልታነሳ የመጣች መስሎታል። ከኋላዋ ሽማግሌዎቹን ሲያይ ጭራሹን ደስ አለው። ሽማግሌዎቹ ግን ሰላምታውን አልመለሱለትም።

ዳኛዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ወጣት ናት፤ አነጋገሯ ቁጥብ ነው። ምስክር ቀርቧል ወይ ብላ ጠየቀች። ሮማነወርቅ ቆማ አልመጣችም አለች። ጠበቃው ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ከሳሽ ክሷን በማስረጃ ስላላስደገፈች መዝገቡ ይዘጋልን አለ። ሮማነወርቅ እጇን አነሳች። ዛሬ ጠዋት የልጄ አባት አጥፍቻለሁ ብሎ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር፣ እነዚያ ናቸው፣ ይጠየቁልኝ አለች። ጠበቃው ይህን ጠብቆ የነበረ ይመስል ፈጠን አለ፤ ሽማግሌዎቹ በማስረጃ ዝርዝር ላይ የሉም፣ ለእርቅ የተነገረ ቃል ደግሞ በክርክር ማስረጃ ሊሆን አይገባም፣ አለዚያ ማን ይታረቃል አለ። ዳኛዋ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገች።

«ጠበቃው ያሉት ትክክል ነው» አለች። «ሽማግሌዎቹን አልሰማም።»

ሮማነወርቅ አግዳሚውን ይዛ ተቀመጠች። ጠበቃው ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። ዳኛዋ ግን አልጨረሰችም ነበር። መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደችና ኤርጫፎን አየችው።

«ተከሳሽ፣ ይቁሙ። እርስዎን ራስዎን ልጠይቅዎት። ሽማግሌ ጋ የተባለውን አይደለም የምጠይቅዎት። ሚስትዎ በገዛ ፈቃዷ ቤቷን ጥላ ሄደች የሚለው መልስዎ ዛሬም እንደጸና ነው?»

ጠበቃው በአገጩ አዎ በል አለው። ነገሩ ቀላል ነው፤ አንዲት ቃል ናት። ኤርጫፎ ኮቱን ቆለፈና አፉን ከፈተ። በዚህ መሐል ከኋላ የአግዳሚው እንጨት ተንጫጫ። አቶ ማዳልቾ ተነስተው ቆመዋል። አልተናገሩም፣ ወደፊትም አልራመዱም፤ ሳሩን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ብቻ ቆሙ። በችሎት ሳይፈቀድ መቆም ክልክል ነው። ፖሊሱ ተቀመጡ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ጣሪያው ያይ ነበር።

ኤርጫፎ ዞሮ አያቸው። ሮማነወርቅ ከጎኑ ሆና ፊቱን አየችው። ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ ነጋዴ በሚዛን ሲያታልለው፣ እናቱ የሞተች ጊዜ፣ አሮን ታሞ ሲያድር አይታዋለች። እንዲህ ሲጨነቅ ግን አይታው አታውቅም። ለዳኛ መዋሸት ሌላ ነው፤ ለዳኛ ስንቱ ይዋሻል። የራስን ሳር፣ ለምኑልኝ ብለው የላኩትን ሳር፣ የያዙት ሽማግሌ እያዩ መካድ ግን የሚመለሱበትን አገር ማቃጠል ነው። ገረሴ የአባቱ መቃብር አለ፣ ወንድሞቹ አሉ፣ ነገ እሱም የሚጫነው ወደዚያው ነው። ጠበቃው በክርኑ ነካው። ዳኛዋ መልስ ይስጡ አለች።

«ቁልፉን የቀየርኩት እኔ ነኝ» አለ ኤርጫፎ፣ ለጫማው እንደሚነግር ሰው።

«ጮክ ይበሉ። ይመዘገባል።»

«እኔ ነኝ የቀየርኩት። ወንድምሽ ጋ ሂጂ ያልኳትም እኔ ነኝ። ስታንኳኳም ሰምቻለሁ።»

ጠበቃው ተቀመጠና እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሮማነወርቅ ደስታ ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ የመጣው ግን ሌላ ነው። «ስታንኳኳም ሰምቻለሁ» የምትለዋ ቃል ልቧ ውስጥ ገብታ ቆረጠቻት። ስለ ቁልፉ ቢናገር ተጠይቆ ነው፤ ይህንን ግን ማንም አልጠየቀውም ነበር። በራሱ ነው የተናገረው። አለቀሰች፤ አላለቅስም ብላ የነበረውን ሁሉ እዚያው አለቀሰችው።

ከሰዓት በኋላ ትእዛዙ ተነበበ። ከሳሽ ከቤቷ የወጣችው በተከሳሽ አድራጎት መሆኑ ተረጋግጧል ተባለ፤ ክሱ ከተከፈተበት ወር ጀምሮ በየወሩ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር ቀለብ እንዲከፍላት ታዘዘ። የጠየቀችው ከዚያ ይበልጥ ነበር። ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ቀና ብላ ነው የሰማችው፤ የምታነበው የችሎቱ ጸሐፊ ደግማ ብታነብላትም ደስ ባላት።

ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አቶ ማዳልቾ ሁለቱንም ጠሯቸው። ኤርጫፎ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አድርጎታል። ጠዋት የነበረው ሰው አይመስልም፤ ቢሆንም ነጋዴ ነጋዴ ነው። «እንግዲህ ተናዝዣለሁ» አለ። «ቤቷ ትግባ። ማን ከለከላት? እዚያው አብረን እንበላለን፣ የምን ወር በወር ነው?» የሲቀላው ሽማግሌ እውነት ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ። አቶ ማዳልቾ ወደ ሮማነወርቅ ዞሩ።

«ታርቀሻል፣ ልጄ?»

«ታርቄያለሁ፣ አባቴ።»

«ትመለሻለሽ?»

«አልመለስም።»

«ሳሩን ተቀብለሽ?»

«የተቀበልኩት ቂም ላልይዝበት ነው፣ አልያዝኩም። ከታመመ እጠይቀዋለሁ። ለቅሶ ቢደርስበት እደርሳለሁ። ቀለቤን ግን እበላለሁ፤ የምበላውም በራሴ በር ውስጥ ሆኜ ነው።»

ሽማግሌው በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ እርቅ አልገጠማቸውም። ሳሩን አገላብጠው አዩና ከፍለው ለሁለቱም በእጃቸው ሰጧቸው፤ «ይህም እርቅ ነው» አሉ። ኤርጫፎ ድርሻውን ይዞ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ።

ሮማነወርቅ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙን ጠርታው አታውቅም። ሙሽራ ሳለች «እሱ» ነበር፤ ልጅ ከተወለደ ወዲያ «የአሮን አባት» ሆነ። ባሏን በስሙ የምትጠራ ሴት በእናቷ ቤት አፏ በርበሬ ይቀባ ነበር። አሁን ፊት ለፊቱ ቆመችና እጇን ዘረጋችለት።

«ደህና ዋል፣ ኤርጫፎ» አለችው።

ሰውየው ክፉኛ ደነገጠ፤ ከችሎቱም ይበልጥ ደነገጠ። እጇን ጨበጠ። «ደህና ዋይ» አላት። እሷም ሽማግሌዎቹን አመስግና፣ ለአቶ ማዳልቾ የገረሴ ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው አሳስባ፣ አንድ ክፍል የሚከራይ ቤት ልትጠይቅ ቁልቁል ወደ ሲቀላ ወረደች።